አባትሽ ዝም አላለም

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ኅዳር 20

ለሆዴ ልጅ፣ ለሚጣዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል አክስትሽ በስልክ የነገረችሽን ሁሉ ተይው ማለቴ ነው። አባትሽ አእምሮውን ስቷል፣ ሰው አይለይም ብላሻለች አሉ። ሰው አይለይም? እሷን ለይቶ ነው እኮ ስትመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው!

ነገሩን ከእኔ ስሚው።

ያ በሽታ ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ከወሰደበት ወዲህ በግራ እጁ፣ በአንድ ጣቱ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈ እንደሚያወራን ታውቂያለሽ። ፊደሉን አተልቀሽ ያስተካከልሽለት አንቺው ነሽ። ጠዋት «ሻዩ ቀጥኗል» ብሎ ይጀምራል፣ ማታ «በሩን ቆልፊ» ብሎ ይዘጋል። እስክሪብቶ እንዳይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የስልክ ፊደል ደግሞ ለዓይኑም ለጣቱም አይሆን።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ስክሪኑ ታመመ። ስንከፍተው አንድ አፍታ ብልጭ ይልና ድርግም። ደግመን ስንከፍተው ብልጭ፣ ድርግም። አባትሽ የጠቆረውን መስታወት እያየ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። አክስትሽ የገባችው ያኔ ነው። እግሯ እንዲህ ያለውን ሰዓት ያውቃል።

«እቱ፣ ይበቃል» አለችኝ፣ እሱ የሌለ ይመስል። «ወንድሜ አልቋል። የጥገና ሱቁን ዘግታችሁ ለአይጥ ከምትተዉት እኔ ላከራየው። እሁድ አጎታችንን ይዤ እመጣለሁ። በዓይናቸው አይተው ይፍረዱ፤ እሱም የውክልናው ወረቀት ላይ ጣቱን ያሳርፍ።»

አባትሽ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ። በቤታችን አንዴ መምታት «አዎ»፣ ሁለቴ «እምቢ» ነው። እሷ ግን «አየሽ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ደሜ ፈላ! ግን በምን ላስረዳት?

በነጋታው ስክሪኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። ልጁ ሳይከፍተው «ማዘር፣ ይሄ እኮ ጡረታ ወጥቷል» አለኝ። «የሚጠግንልዎት አያገኙም። አዲሶቹ ደግሞ የእናንተን ኮምፒውተር ገመድ አይቀበሉም። ሁለቱንም ይጣሏቸውና እንደ አዲስ ይጀምሩ።» አንቺም «አዲስ እልካለሁ» ብለሻል፤ ተባረኪ። እሁድ ግን ዕቃ እስኪደርስ አይጠብቅም።

ተሸክሜው ተመለስኩና «ይጣል አሉ» አልኩት። ጠረጴዛውን ሁለቴ ሲመታው ብርጭቆው ዘለለ።

«እሺ ማን ይሥራው? አንተ እጅ የለህ፣ እኔ እውቀት የለኝ!»

ጣቱን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። ቀጥሎ የእኔን እጅ ያዘና ወደ ላይ ከፍ አደረገው።

ወንበሩን እየገፋሁ ወደ ሱቁ አስገባሁት። ከታመመ ወዲህ ገብቶ አያውቅም። አቧራውን ሲያይ የተቆጣኝን ቁጣ ተይው፤ ቅንድብ ብቻውን ይህን ያህል እንደሚሳደብ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ገመዱን አስቀየረኝ፤ ያው ነው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ባትሪ በአገጩ አሳየኝ። ባትሪውን አበራሁ። እጄን ይዞ ብርሃኑን በመስታወቱ ላይ ዘንበል አድርጎ ሲያሳርፈው፣ ሚጣዬ፣ ጽሑፉ ከጨለማው ውስጥ እንደ ጥላ ቁጭ ብሏል! ስዕሉ አልጠፋም ለካ፤ ከኋላ የሚያበራለት መብራት ነው ኃይል ያጣው። አባትሽ በግራ በኩል ባለው ፈገግታው ፈገግ አለ።

ገመዱን ነቅዬ ወዲያው ልፈታው ስል ክርኔን ጨምድዶ ያዘኝ። ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ያቁራል አሉ። ጠበቅን። ቡሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁ፣ የጀርባው ፕላስቲክ ቀጭ ሲል ልቤም አብሮ ቀጭ አለ። ውስጡ የትናንሽ በርሜሎች ሰፈር ነው፤ ካፓሲተር ይባላሉ። የሌሎቹ አናት ልሙጥ ሲሆን ሁለቱ ብቻ አብጠዋል።

«እነዚህ ናቸው?»

አንዴ መታ።

ምትኩን ከአሮጌ ቦርዶች ላይ ፈለግን። እኔ በመነጽሬ ቁጥሩን አነባለሁ፣ እሱ ሁለቴ ይመታል። አነባለሁ፣ ሁለቴ ይመታል። ልወረውረው ስል አንዴ መታ። መበየጃው አውራ ጣቴን ለበለበኝ፤ ምንም አይደል፣ ድኗል። አንደኛውን ካፓሲተር ገልብጬ ልተክለው ስል ግን ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ ደለቀው።

«አትጩህብኝ!» አልኩት።

አፍ የሌለውን ሰው አትጩህብኝ ማለቴ ገብቶኝ ሳቅ አፈነኝ፣ እሱም ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ጭቅጭቃችን ነበር። ሁሉም ሰው «አይዞህ» ሲለው፣ እኔም አብሬ ስለሰልስለት፣ መጨቃጨቅ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል!

ገጥመን አበራነው። አልበራም። ላለቅስ ነበር፤ ለአክስትሽ ደስታ አላለቅስም ብዬ ዋጥኩት። ደግሜ ስከፍተው ሳልሰካት የቀረሁት ቀጭን ገመድ ተንጠልጥላለች። ሰካኋት። በራ። በርቶም ቀረ።

እሁድ አክስትሽ አጎታቸውን ይዛ መጣች። ሽማግሌው አጠገቡ ተቀመጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ ታውቀኛለህ?» አሉት፣ ደንቆሮ ይመስል።

ጣቱ ቀስ እያለች ፊደል ለቀመች። «አጎቴ ነዎት። ሬዲዮዎን ሦስቴ የጠገንኩት እኔ፣ ሦስቴ መሬት የጣሉት እርስዎ።»

ሽማግሌው አንብበው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አክስትሽ «እሷ አስጠንታው ነው!» ብላ ብድግ አለች። እኔ አፌን አልከፈትኩም። እሱ መጻፉን አላቆመም።

«እህቴ፣ ሱቁ አይከራይም። ጣቴን የማሳርፈው ፊደል ላይ ብቻ ነው።»

«ሰምተሻል» አሏት ሽማግሌው። «ማለቴ፣ አንብበሻል። ያን ወረቀት እጠፊውና ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው።»

በር ላይ ስትደርስ ተመለሰች። እታገላለሁ ብዬ ስዘጋጅ፣ ከጉልበቱ የወረደውን ብርድ ልብስ አነሳችለትና ወጣች። እህት ናትና እንግዲህ ምን ትያታለሽ።

ትናንት ሱቁን ከፈትኩት። በሩን በሰፊው፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየን። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጥረጊያ እንጂ መበየጃ ይዤ አይታኝ ስለማታውቅ «አንቺ ነሽ የምትሠሪው?» አለችኝ። «እኛ ነን» አልኳት። የማይዞር ቬንትሌተሯን አምጥታ እያጉረመረመች ተወችልን። እየሠራነው ነው።

አባትሽ ይበላል፣ ይተኛል። ሰሞኑን የሚጽፈው አጠር አጠር ብሏል፣ ከሰዓት ላይ ጣቱ ቶሎ ይደክማል፤ ብርዱ ነው። ሐኪሙም መጥቶ አይቶታል፣ እሱም ብዙ አላወራም። ዛሬ ለአንቺ ምን ልጻፍላት ስለው «ፈተናዋ መቼ ያልቃል» አለ። ነግሬው ነበር። ትናንትም ጠይቆኝ ነበር።

ትምህርትሽን አጥብቀሽ ያዢ። ማንም ደውሎ ቢያስደነግጥሽ እናቴ አልነገረችኝም በይው። የረገጥሽው መሬት ይርጋልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ እጅሽ ያነሳው ሁሉ ይሳካ።

ፈተናው አልቆ የምትመጪበትን ቀን ግን ቁርጡን ጻፊልኝ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

እናትሽ