ዝምተኛው መካኒክ ከምን ዳነ?

ለተከበሩ የድምፅ ድራማ ክፍል ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ቤተሰብዎ ደኅና ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ ደኅና ነው? በተለይ ጆሮዎ እንዴት ይዞታል? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል እንዳይመስልዎት፤ ከዚህ ቀደም የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ፣ በጤናዎ ሠግቼ፣ ሦስተኛውን አገር እንዲያነበው በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔም ጨንቆኛል።

እኔ የተማሪ የደንብ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አንዲት ልጅ አለችን፤ ለአካለ መጠን የደረሰች፣ ከእኔው ጋር ሱቅ ውላ እጅጌ የምትገጥም፣ ቁልፍ የምትተክል፣ ከተወለደች ጀምሮ የማትሰማ። የምትናገረው በእጇ ነው። እሷ ተናግራ ስትጨርስ እኛ ገና አፋችንን እየከፈትን ስለምንገኝ ቤት ውስጥ ስሟ ፈጣኗ ነው።

የእርስዎ መሥሪያ ቤት «የሰባተኛዋ ጨረቃ መርከብ» የተባለውን የሕዋ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ በቤታችን በዓል ነበር። ከመርከቧ ሰዎች አንዱ ዝምተኛው የሚባል መካኒክ ነው፤ አፉ የማይናገር፣ በእጁ ብቻ፣ ያውም በልጄው የእጅ ቋንቋ የሚያወራ፣ ሞተሩ በተቃጠለ ቁጥር የሁሉንም ነፍስ የሚያተርፍ። ሰዎቹ የየኮከባቸውን ቋንቋ ስለሚናገሩ ደግሞ ከሥር ጽሑፍ ይወጣ ነበርና ልጄ ከማንም እኩል ትከታተል ነበር። እኩል ስል አሳንሼባት ነው፤ ጽሑፉን ከሁላችን ቀድማ ስለምትጨርስ ሳቁም ሆነ ድንጋጤው የሚጀምረው ከእሷ ነበር።

አባቷ እስከዚያ ድረስ የእጅ ቋንቋን አሻፈረኝ ያለ ሰው ነው። እጄ የተሠራው ለመሪ ነው ይል ነበር። ከልጁ ጋር የሚነጋገረው አፉን እንደ ጋራዥ በር ከፍቶ በመጮህ ነበር፤ የሚሰማው ግን ጎረቤት ነው። ልጁ ታሪኩን ቀድማ እያወቀች ስትስቅበት ጊዜ፣ መልስ መስጠት ስላማረው ብቻ፣ የዝምተኛውን እጆች እያየ መማር ጀመረ። ክቡር ሆይ፣ አባት ለልጁ በራሷ ቋንቋ የነገራት የመጀመሪያው ነገር «ሞተሩ ሊፈነዳ ነው» የሚል ነበር። ልጄ ሳህን ይዛ ነበር፤ ሳህኑን አስቀምጣ አለቀሰች። እሱ ያስቀየማት መስሎት አይዞሽ የሚለውን ቃል በእጁ ፈልጎ ፈልጎ አጣው። ከዚያ ወዲያ እነዚያ ሁለት ሰዎች ሶፋው ላይ ሲጨቃጨቁ ይመሽ ነበር። ለዚህ ውለታዎ አመሰግንዎታለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከልቤ የሆነው ምስጋና ይህ አንዱ ብቻ ነውና ቆጥበው ይጠቀሙበት።

ድራማው ያበቃው ዝምተኛው በሚነድ ሞተር ክፍል ውስጥ ቀርቶ በሩ ሲዘጋበት ነው። ሞተ ወይስ ተረፈ? ልጄ ስንት ወር ይህን ስትጠይቅ ከረመች። ከዚያ መሥሪያ ቤትዎ፣ ታሪኩ «ከሞተር ክፍሉ» በሚል ርዕስ በድምፅ ድራማ እንደሚቀጥል አበሰረን። በድምፅ ብቻ። የዚያን ሰው ታሪክ፣ የእጁን ሰው፣ በድምፅ! ይህን ያሰበ ጭንቅላት ሹመት ያንሰዋል። ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ የመርከቧ በር ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ የእኔ ሱቅ የቆርቆሮ መዝጊያ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደንበኛ የገባ እየመሰለኝ ሜትሬን አንሥቼ ብድግ እላለሁ። የየኮከቡ ሰዎችም በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ የእኛን ቋንቋ አቀላጥፈው መልመዳቸውን በታላቅ አድናቆት ተመልክተናል፤ ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ከእነሱ ትጋት ቢማሩ መልካም ነው። በእነዚህ አልከስዎትም።

ሁለተኛ፤ የመጀመሪያውን ክፍል ለመስማት የሰፈራችን የድራማው ወዳጆች በሙሉ በሰብሳቢያችን በፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ታደምን። ልጄም እንደ ልማዷ ፊት ተቀመጠች፤ የሚታይ ነገር ስለሌለ የሰውን ፊት ታይ ነበር። ድንገት ሁሉም ተነሥቶ ጮኸ፣ ተቃቀፈ። የፀጉር አስተካካዩን እጅጌ ይዛ ምን ሆነ ብላ ብትጠይቀው፣ ያ ደግ ሰው ደስታው ስላሰከረው በመላጫው አረፋ መስታወቱ ላይ «ዳነ!» ብሎ ጻፈላት። ልጄ ዘለለች። አባቷን ሳመችው። ያን ዕለት መንገዱን ሙሉ ላገኘችው ሁሉ በእጇ፣ አልሞተም፣ በሕይወት አለ፣ እያለች ነበር ቤት የገባነው። ዓይኗን ላየ ሰው የታሰረ ወንድሟ የተፈታ ይመስለዋል።

እውነቱን የነገረቻት ስልኳ ላይ ያለችው የድራማው ወዳጆች የሚጻጻፉባት መገናኛ ናት። ሰዉ ሁሉ፣ ዳነ፣ አፉ ተፈታ፣ እሰይ፣ ይላል። እኛ ሰምተን ደስታዋን እንዳንነካ የተውነው ነገር ይህ ነው፤ የአንዲት ኮከብ ጨረር ጉሮሮውን ዳስሶት፣ ዝም አይነቅዝም እያልን የምናከብረው ሰው ከእሳቱ ሲወጣ መናገር ጀምሯል። ልጄ እጅጌ እየገጠመች ነበር፤ ማሽኑን አቁማ መጣችና በእጇ፣ ከምን ነው የዳነው፣ ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡር ሆይ፣ በአፋችን ከሞት የተረፈም ዳነ ነው፣ ከበሽታ የተፈወሰም ዳነ ነው። በልጄ እጅ ግን እነዚህ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ ጋር ተምታቶባት አያውቅም። የትኛው እንደሆነ ቆማ ጠበቀችኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የአረፋ ወለምታ ግን በፎጣ ይጠረጋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ጨርቁ ጠሟል ብዬ ወደ ማሽኔ ዞርኩ።

ሦስተኛ፤ ወዳጆቹ ሁሉ ደስ አላቸው ብዬ እንዳልዋሽዎት፣ ከሁለተኛው ክፍል በኋላ እሳት ተነሥቷል። ጠቡ ግን መናገሩ ላይ አይደለም፤ ድምፁ ላይ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነው፣ ሽሮፕ ይታዘዝለት አለች። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ዕድሜውን ከሞተር ጋር የኖረ ሰው ድምፁ መሻከር አለበት ብሎ ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር የአንድ ደንበኛ ግማሽ ራስ ሳይላጭ ቀርቷል፤ ሰውየው እንደዚያው ወደ ሥራ ሄደ። በመጨረሻ የቃና ይስተካከልልን አቤቱታ ተፈርሞ ተላከልዎት። እርስዎም ሳምንት ሳይሞላ ተዋናዩን ለወጡት! እግዜር ያክብርልኝ። ጆሮ እንዳለዎት ያወቅነው ያን ዕለት ነው። ልጄ ያንን ክርክር አንድ በአንድ አንብባዋለች። ይቅጠን፣ ይወፍር፣ ከሚለው ሁሉ መካከል አንድም ሰው፣ እጆቹስ የት ሄዱ፣ ብሎ አልጠየቀም። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ ልጄን ስታይ ከረሜላ የማትነፍግ ሴት፣ ጉንፋኑም ቢሆን ይሁንለት፣ ያ ምስኪን ተገላገለ፣ ብላ ጽፋለች። ክፋት የላትም። ነገሩን የሚያባብሰውም ክፋት የሌላት መሆኗ ነው።

አራተኛ፤ አባትዬው። እሁድ እሁድ ሬዲዮኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ የሰማውን በእጁ ሊነግራት ይታገላል። ግን እየሰሙ መናገር ለሠለጠነ ሰው እንኳ ከባድ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው ቃል በሙሉ ከዝምተኛው የተማረው ነው፤ ሞተር፣ ብሎን፣ ጭስ፣ ፍንዳታ። ዝምተኛው አፉ ከተፈታ ወዲህ ደግሞ ብሎን መንካት ትቶ በፍቅር ወድቋል፤ ክፍሉን ሙሉ ለመርከቧ ሐኪም የልቡን ሲነግራት ይውላል። ባለቤቴ ለፍቅር ቃል የለውም። ላብ እስኪያጠምቀው ታግሎ ታግሎ፣ ሞተሩ ግሏል፣ ውኃ ይፈልጋል፣ አላት። እኔ ሳቅኩ። ልጄ አልሳቀችም። አባቷ ሬዲዮኑን እየሰማ ድንገት ፈገግ ሲል ፊቱን ታየዋለች፤ ፈገግታው ካለፈ በኋላ የሚነግራት ነገር ሲያጣ እሱም እሷን ማየት ያፍራል። አሁን አሁን ሬዲዮኑን ይዞ አውቶቡሱ ውስጥ ሄዶ ይሰማል። ሶፋው ሰፍቶናል።

ቁጥሩ ከዚህ በኋላ ጠፍቶብኛል፤ የሚቀጥለውን ስንተኛ እንደምለው አላውቅም።

ባለፈው እሁድ ልጄ መጥታ፣ የእኔ ተራ መቼ ነው፣ አለችኝ። የምን ተራ ብላት፣ የመዳን፣ አለች፤ ከበሽታ በሚድኑበት ምልክት። ከዚያ ሁለት እጆቿን የሥራ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። በቃ። ስጠራት ራሷን ትነቀንቃለች፣ እጅጌውን ትገጥማለች፣ ሥራ ስትጨርስ እጆቿ ወደ ኪሷ ይመለሳሉ። አባቷ ሞተሩ ሊፈነዳ ነው ቢላት፣ ቀድሞ በሳቅ የምትፈርስበትን፣ ቀና ብላም አላየችው። እሱ ሌሊት ወጥቶ ሌሊት የሚገባ ጠንካራ ሰው ነው፤ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ከፍቶ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። እኔ እሰማለሁና።

በሁለቱ ደብዳቤዎቼ የለመንኩት ድምፁ ይቅጠን፣ ይወፍር አልነበረም። የድራማውን ጽሑፍ ስጡን ነው ያልኩት። መልስ ሲጠፋ በአካል መጥቼ ነበር፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ያሉት ወይዘሮ፣ ድራማው ለጆሮ የተሠራ ጥበብ ስለሆነ በጽሑፍ ቢወጣ ውበቱ ይጠፋል ብለው በፈገግታ ሸኙኝ። ስለ ውበቱ መጨነቅዎን አደንቃለሁ። ነገር ግን ተዋንያኑ ከወረቀት እያነበቡ እንደሚጫወቱ የማያውቅ ሰው የለም፤ ያንኑ ወረቀት ነው የምንለምነው፤ የተጨማደደ ይሁን፣ ሻይ የፈሰሰበት ይሁን፣ ጠርዙ የተቀደደ ይሁን። እኔ እተኩሰዋለሁ፤ ሥራዬ ነው።

የመጨረሻው ክፍል የፊታችን እሁድ ነው። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በአክብሮት ቀልጄብዎታለሁ፤ አሁን ቀልዱን ትቼ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ። ያ ሰው ይናገር፣ ግድ የለም፤ ፍቅሩንም ይግለጽ፣ ያግባትም። ግን አንድ ጊዜ፣ ከማለቁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጆቹ እንደናፈቁት ይናገር። አልታመመም ነበር በሉልኝ። ያን በወረቀት አድርጋችሁ ላኩልኝና ልጄ ታንብበው። እኔ ብነግራት እናት ስለሆንኩ ነው ትለኛለች። አባቷ ቢነግራት ቃሉ የለውም። የምታምነው ያንን ሰው ነው።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎና ወደፊት ለሚሰጡኝ ዝምታ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ እርስዎ የልጄን እጅ ቢነሡኝም እኔ ወግ ነውና ለእርስዎ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የማትሰማ ልጅ እናት፣
የማይሰማ መሥሪያ ቤት ደንበኛ፣
ልብስ ሰፊዋ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ መሥሪያ ቤትዎ የአድማጭ አስተያየት የሚቀበለው በስልክ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያችሁን አየን። ልጄ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን አባቷ እጅ ላይ አኑራ ቁጥሩን በአገጯ አሳየችው። ሲደውልላት ስልኩን ጨርቅ የምንቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አጋድማ እጆቿን ወደ ኪሷ መለሰች፤ መልእክትዎን ይናገሩ የሚለው ድምፅ ሲያበቃ አባቷ ምልክት ሰጣት፤ እሷም እጆቿን ከኪሷ አወጣችና መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ተናገረች። በቀረጻችሁ ውስጥ የእጅጌ ኮሽታ፣ አልፎ አልፎም መዳፍ ከመዳፍ ሲጋጭ ብቻ የሚሰማበት ረዘም ያለ ጥሪ ብታገኙ፣ ብልሽት ነው ብላችሁ እንዳታጠፉት፤ የልጄ አስተያየት ነው። እኔና አባቷ አንዲት ቃል አላመለጠችንም፤ እሱ ያልያዘውን እኔ ሞላሁለት። እርስዎ ምን እንዳለች ማወቅ ቢሹ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ታላቅ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ በጽሑፍ አላዘጋጀነውም።