አባዬ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የደበቃት ሙሽራ

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ የሚያስነጥስህ አሮጌ ብርድ ልብስ ሳይቀር እንዴት ነው? ምግብስ ትበላለህ ወይስ አሁንም ዳቦ በሻይ ነው? ጋሼ ብዬ ያልጀመርኩት ታረጅብኛለህ ብዬ ነው እንጂ ንቄህ አይደለም። እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ ግን በሕይወት አለን ማለቴ ነው፤ የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

የአባዬን የፎቶ ቤት ኮምፒውተር ታውቀዋለህ። ቫይረስ ጨርሶታል፤ አንድ ፎቶ እስኪከፍት ደንበኛ ያንቀላፋል። እኔም "ነጻ ነው፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር ይስማማል፣ ዊንዶውሱን አውጥተን ሊኑክስ እንጫንበት" እያልኩ አባዬን ስጨቀጭቀው ከረምኩ። ሬዲዮ ጠግነው ብሎን ከተረፋቸው ወዲህ "ኢንጂነር" የምንላቸው አጎታችን ደግሞ "ትሥራው፣ እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ" አሉ። ቆሙም፤ አንገቴ ላይ እየተነፈሱ።

ሰኞ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩና አባዬን የቀረ ነገር እንዳለ ጠየቅኩት። የደንበኛ አገጭ እያቃና "ሁሉም እዚያው ነው" አለኝ። ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ጀመርኩ። መሀል ላይ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኢንጂነሩ "ምን ይገትርሻል፣ ቀጥል በይው" አሉኝ። አልኩት።

ትንሽ እንደሄደ አባዬ ብቅ አለና "የቅዳሜዋን ሙሽራ ከቆሻሻ መጣያው አወጣሻት አይደል?" አለኝ።

ክው አልኩ። ለካ በቀደም የአንዷን ሙሽራ ፎቶ ዘመዶቿ ኮምፒውተሩን ጎርጉረው፣ እሷ ሳታየው በስልክ ከበተኑት ወዲህ፣ አባታችን ያላስረከበውን ሰርግ ሁሉ የኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው የሚደብቀው። "ቆሻሻ ማን ይፈትሻል?" ይላል። እውነቱን ነው፣ እኔም አልፈተሽኩም። የካሜራውን ካርድ ደግሞ ለሌላ ሥራ አጥፍቶታል። ሙሽራዋ ረቡዕ ልትወስድ ተቀጥራለች።

ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ኢንጂነሩ "እንዲህ አይነቀልም" ብለው ሊያስተምሩኝ ሲጀምሩ እማዬ "አንተ ደግሞ ዞር በል" ብላ አስወጣችልኝ። አባዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ ጥቁሩን ስክሪን ያያል።

የኮምፒውተር አስተማሪዬ ቤት ሮጥኩ። "ከእንግዲህ ምንም እንዳትጽፉበት። የጠፋው አዲስ ነገር የተጻፈበት ቦታ ብቻ ነው" አለችኝና የጠፋ ፎቶ የሚለቅም ፕሮግራም ሰጠችኝ። ሊኑክሱን ዲስኩ ላይ ሳልጭን ከፍላሹ ብቻ አስነስቼ ለቀማውን ጀመርኩ። ማክሰኞን ሙሉ ሲለቅም ዋለ፤ እኔ ክፍል ውስጥ፣ ልቤ ፎቶ ቤት። ስመለስ ጉርድ ፎቶዎች መጥተዋል፤ ኢንጂነሩ ፀጉር የነበራቸው ዘመንም መጥቷል። ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንድ ነጭ ጓንት፣ ከዚያ እቅፍ አበባ፣ ከዚያ እሷ። አባዬ "እሷ ናት" አለና ፊቱን ሊታጠብ ወጣ።

ግን ሁሉም አልተገኘም። ሙሽራዋ ከአያቷ ጋር የተነሳችው የለም። ረቡዕ ስትመጣ በመብራት መጥፋት ላሳብብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አባዬ ቀደመኝ። "ከአያትሽ ጋር ያለሽበት ጠፍቶብኛል። ያስቀመጥኩበት ቦታ የማይሆን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው" አላት። ስለ እኔ ትንፍሽ አላለም። እሷም "አያቴ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ በትልቁ አሳጥቢልኝ ያለችኝ እሱን ነበር" አለችና አቀረቀረች። አባዬ የሙሽራ ቀሚሱን በራሱ ገንዘብ ተከራይቶ አያትየው ቤት ድረስ ሄዶ እንደገና እንደሚያነሳቸው ነገራት። እሺም እምቢም ሳትል ወጣች።

ዛሬ ጠዋት "ቅዳሜ ኑ" ብላ ላከችብን። ደስ ብሎኝ ልዘል ስል አባዬ "መብራቱን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ለሙሽራዋ እኔ ተናግሬያለሁ፤ ለአያቷ የሆነውን አንቺ ትነግሪያለሽ" አለኝ። መልስ አላጣም የምለው እኔ፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ፊት ቆሜ ፎቶዎ ቆሻሻ ውስጥ ነበር ብዬ እንዴት እንደምጀምር ከጠዋት ጀምሮ ሳስብ እስካሁን አንድ ዓረፍተ ነገር አልወጣኝም።

እማዬ "ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ ያስጣው" ብላ ትስምሃለች። አባዬ ናፍቆቱን ልኮልሃል፤ ስለ ኮምፒውተሩ ግን አትጻፊለት ብሎኛል። ኢንጂነሩ ሰላም ይሉሃል፤ ፎቶዎቹን ያዳንኩት እኔ ነኝ ብለው ቢጽፉልህ አትቃወማቸው። ለባለቤትህና ለትንሿ ልጅህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጉንጯን ስለ እኔ ንከስልኝ።

እህትህ
ከፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ ሐሙስ መጋቢት 9