ስሜን ሳትጠራ ትግባ

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት ወንድሜ ለወንድምጋሼ ዘአማኑኤል፤ ድሬዳዋ።

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል? ሙቀቱስ ትንሽ በረድ አለላችሁ? እትዬ አስካለማርያም ደህና ናቸው ወይ? ሚራክልስ ኳሱን ትቶ ደብተር ማንሳት ጀመረ? እኔም፣ የሺዋስም፣ ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አቃቂ ክረምቱን ጭቃ በጭቃ ሆና ከርማ አሁን ገና ጫማ መጥረግ አቆምን። ያስቸገረን የእናንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

ወንድምጋሼ፣ በስልክ የጠየቁኝን ሳልመልስ በመቆየቴ ቅር እንደተሰኙብኝ እትዬ ነግረውኛል። ዮዲን እኔ ወደምጠብቀው ኮሌጅ ልላካት ወይስ ይቅር ነበር ያሉኝ። ደግሞም «አንቺ በሩ ላይ እያለሽ ማን ይነካታል?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያኔ የጥበቃ ክፍላችን ግምገማ ላይ ነበር፤ መጨረሻውን ሳላይ አፌን ሞልቼ ይላኳት ማለት አቃተኝ። አሁን አይቻለሁና ቁጭ ብዬ ልንገርዎት።

ግምገማ ሲባል ያው እኛ የምናውቀው አንዱ አንዱን የሚያዋርድበትን ስብሰባ ነው። ስለዚህ ፊሮምሳ የሚባል ወጣት ከውጭ ገምጋሚ ሆኖ ሲመጣ ሁላችንም ፊታችንን አጠቆርንበት። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ፀሐዩ ደግሞ የድሮ ወታደር ናቸው፤ እኛ ላይ አንድም ተማሪ አቤት ብሎ አያውቅ፣ ምናችንን ነው የሚገመግመው ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው፣ አቤት ያለ አልነበረም። እኔም ከፈታሽነት ወደ ፈረቃ መሪነት ካደግሁ ወዲህ የምኮራው በዚሁ ነበር።

ልጁ ግን ቢሯችን እንኳ ሳይገባ ተማሪዎቹን አዳራሽ ሰበሰበና አንድ ነገር ጠየቃቸው። ከታክሲ ወርዳችሁ ወደ ግቢ ስትመጡ የማታውቁት ሰው ቢከተላችሁ ወዴት ትሮጣላችሁ አላቸው። እኛ ከኋላ ቆመን ወደ ጥበቃዎቹ ሲሉ ልንሰማ ጆሯችንን አቁመናል። እነሱ ሆዬ ከዳር እስከ ዳር «ሐጀራ ሱቅ» አሉ! ሐጀራ ከበሩ ፊት ለፊት ሳሙናና ብስኩት የምትሸጥ የስልጤ ልጅ ናት። ወንድምጋሼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኛ ዩኒፎርም ለብሰን፣ ዱላ ይዘን ተገትረን፣ የተቸገረ የሚሮጠው ወደ ብስኩት ሻጭ።

ለምን ሲባሉ የሰጡት መልስ ደግሞ የሚያስተባብሉት አይደለም። ማደሪያ የሚኖር ተማሪ ሲያመሽ በር ላይ መታወቂያውን ተቀብለን እናስቀርበታለን፤ በማግስቱ ቢሮ ቀርቦ፣ ተቆጥተነው ነው የሚወስደው። ሥርዓት ማስያዝ እንለው ነበር። እንግዲህ አንዲት ልጅ ክው ብላ ብትመጣም የሚቀድማት «መታወቂያ!» ነው፤ ከዚያ እስካሁን የት ነበርሽ ይከተላል። ታዲያ ማን አቤት ይበል?

እኔ መቼም ያውቁኛል፣ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ሐጀራ ጋ ሄጄ ምን እያልሽ ነው ልጆቹን የምታባብይብን አልኳት። ሳቀችብኝ። ምንም አልልም፣ ዱካ ላይ አስቀምጬ ውሃ እሰጣቸዋለሁ፣ ሲረጋጉ ወደ ቤተሰባቸው እደውላለሁ አለችኝ። ይኸው ነው ነገሩ። ሳሙና ገዝቼ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። መታወቂያ መያዝ ቀረ። ከኋላ በር እስከ ታክሲ መያዣው ያለው የአጥር ጥግ መብራት ገባለት፤ ሲመሽም ሴት ጥበቃ ከወንዱ ጋር እንድትቆም ተደረገ። ከሁሉ የከበደን ግን አንደበታችንን መግራት ነበር። ፊሮምሳ መጀመሪያ ደህና ነሽ ወይ በሉ፣ መታወቂያው ይደርሳል አለን። ጋሽ ፀሐዩ ሲለማመዱ ቢያዩ! ደህና ነሽ ሲሉ ሰልፈኛ የሚያዝዙ ነው የሚመስሉት። የመጀመሪያዋ ልጅማ መታወቂያዋን እጃቸው ላይ ጥላ ሮጠች። እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ እሳቸው ግን ከፍቷቸው ሰነበቱ። በኋላ እንደሰማሁት ቤታቸው ባለቤታቸው ላይ ሲለማመዱ ነው የከረሙት።

ባለፈው ሳምንት ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንዲት የማደሪያ ልጅ እያለከለከች በሩ ላይ ደረሰች። ጋሽ ፀሐዩ ከወንበራቸው ተነሥተው አስቀመጧትና ዝቅ ባለ ድምፅ «ደህና ነሽ ልጄ?» አሏት። እንባዋ ዝርግፍ አለ። ከሳሪስ ጀምሮ አንድ ሰው ሲከተላት ነበር ለካ። እኔ ውሃ ሰጠኋት፣ ሁለት ጥበቃዎች ወጥተው መንገዱን አሰሱ፤ ሰውየው ተሰውሯል። ስትረጋጋ፣ ነገር ፍለጋዬ አይለቀኝምና፣ ሐጀራ ሱቅ ዝግ ነበር እንዴ አልኳት።

«ክፍት ነው። መጀመሪያ የገባሁትም እሷ ጋ ነበር፤ አሁንማ ወደ እነሱ ሂጂ ብላ እሷው ናት የላከችኝ» አለች።

ጋሽ ፀሐዩ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እኔም አልቻልኩም፣ ከልጅቷ ጋር አብሬ አለቀስኩ።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልዎት፤ ይላኳት። ሁሉ ሞልቷል ማለቴ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ያ የአጥር ጥግ አሁንም ያስፈራል፤ ከመካከላችንም የድሮ አመሉ ያልለቀቀው አለ። ግን አንድ አደራ አለኝ። «አንቺ በሩ ላይ እያለሽ» ያሉኝን አልወደድኩትም፣ አይቀየሙኝ። ስንቷ ናት በዚያ በር ሰው ሳይኖራት የምትገባው? ዮዲ የምትከበረው ለአክስቷ ተብሎ ከሆነ እኛ ምኑን ተሻሻልነው? ስለዚህ ኅዳር ላይ ለምዝገባ ስትመጣ የሥርጉት የወንድሟ ልጅ ነኝ እንዳትል። እኔ የዚያን ቀን እረፍት እወጣለሁ፤ ማንም አያውቃትም። ከዚያ ቤቴ መጥታ እንዴት እንደተቀበሏት አንድም ሳትደብቅ ትነግረኛለች። ፈርታ ከመጣች እኔው ራሴ መኪና ላይ አሳፍሬ እመልስልዎታለሁ፣ ቃሌ ነው።

እትዬ አስካለማርያምን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ የላኩልኝ የድሪያ ቀሚስ ልክክ ብሎልኛል፣ የሺዋስ እንኳ ቀና ብሎ አየኝ። ሚራክልን ኳሱ ተገዝቷል ይበሉት፤ የሚላክለት ግን ውጤቱን ካየሁ በኋላ ነው። ዮዲዬ፣ አንቺ ደግሞ በሩ ላይ አንድ ሽበታም ጥበቃ ከወንበራቸው ተነሥተው ደህና ነሽ ልጄ ካሉሽ፣ ቆም ብለሽ ደህና ነኝ አባባ በያቸው። ብዙ ደክመውበታል።

እህትዎ ሥርጉት
አቃቂ ቃሊቲ
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.