ድንኳን የገባችው ተማሪዬ

ኅዳር 9

ዛሬም ለቅሶ። የቴአትር ተማሪዎቼ ተራ በተራ አለቀሱልኝ... ለቅሶ ከተባለ። አንዱ ሊያስነጥስ እንደሚል ሰው ፊቱን አጨማደደ። አንዷ ዓይኗን በእጇ ሸፍና በጣቶቿ መሃል እኔን ታያለች። ሄቨን ደግሞ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ተነስታ ሱሪዋን አራገፈችና «ማዘር፣ እንዴት ነው?» አለችኝ። በቴአትሩ አባቷ ሞቶ ነው የምታለቅሰው። ስልኳ የጠፋባት ነው የምትመስለው።

አብሮኝ የሚያሰለጥነው ብሩኬ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። «ከውስጥ ይምጣ እትዬ፣ የራሳቸውን ሐዘን ያስታውሱ» ይላል። ዓይናቸውን አስጨፍኖ ወለል ላይ አስተኛቸው። ግማሾቹ አንቀላፉ። እኔ ደግሞ ድምፅ ከሆድ እንዴት እንደሚወጣ፣ እጅ መቼ ደረት ላይ እንደሚያርፍ አሳየኋቸው። ይኼ የድሮ ሰው አሠራር ነው ብለው ተሳሳቁ።

ተናድጄ «ሂዱና ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ሰው ሲያለቅስ እዩ» አልኳቸው። እዩ ነው ያልኩት።

ኅዳር 10

ጉልበቴን አሞኛል። አልወጣሁም።

ኅዳር 13

ምነው ምላሴን በቆረጠው...

ሄቨን ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ የለቅሶ ድንኳን አይታ ገብታለች። ማን እንደሞተ አታውቅም። ጥግ ይዛ ስታይ ቆየች። የሟች ሚስት «ለማን ጥለኸኝ» ስትል እሷም ብድግ ብላ ለቀቀችው። «አባዬ፣ አባዬ» እያለች። እኔ ስለምናት እንቢ ያለው እንባ እዚያ መጣላት። ድንኳኑ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ይቺ ማናት? ከዚያ አንዲት ሴትዮ የሄቨንን አገጭ ይዛ «አፍንጫዋን አያችሁት? ቁርጥ አባቷን» አለች። አለቀ። ሟቹ ከሚስቱ ደብቆ የወለዳት ልጅ ተገኘች።

«ለምን አይደለሁም አላልሽም?»

«ማዘር፣ ሁሉም እያቀፈኝ እንዴት ብዬ? ደግሞ ሮሉ ውስጥ ገብቼ ነበር።»

ሮሉ ውስጥ። ብሩኬም ዓይኑ በርቶ «ስሜቱ እንዴት መጣልሽ?» ይላታል። ሁለቱንም በወንበር ብላቸው ደስ ባለኝ።

ኅዳር 16

ሚስትየው አየር ጤና ድረስ መጣች። የምናሰለጥንበት ማዕከል በር ላይ ጥቁር ለብሳ ቆማ አገኘኋት። ወለተጻድቅ ትባላለች። የት እንደምትማር ሄቨን ራሷ ነግራታለች ለካ።

እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩ። በዚህ ጉልበት ማን ያነሳኛል? ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ልጅቷ ተማሪዬ ናት። ላኪዋ እኔ ነኝ። ባልሽ ምንም አልበደለሽም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እትዬ፣ ልጅ ያጣነው በሱ በኩል ነው። ሐኪም ነግሮናል። ሰው ግን እኔን ነበር መካን የሚለኝ። ዝም ብዬ ቻልኩት።»



ከዚያ የመጣችበትን አወጣችው። የባሏ ወንድም ገረሱ፣ ሳንሱሲ የሚኖረው፣ «ወንድሜ ልጅ የለውምና ድርሻውን እወርሳለሁ፣ ቤቱ ይሸጥ» ብሏል። ድንኳኑ ሳይነሳ። ሄቨን ስታለቅስ ጊዜ ግን አፉን ያዘ። ልጅ ካለ ወንድም አይወርስም።

«ልጅቷን ያሰልጥኑልኝ። ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥ አንዴ የባሌ ልጅ ትሁንልኝ።»

ቀሚስ አሳጥሩልኝ እንደሚል ሰው ነው የጠየቀችኝ።

ኅዳር 17

ሄቨን እሺ ብላታለች። እኔን ሳትጠይቅ። «ማዘር፣ እንዲህ ዓይነት ዋና ሮል መቼ ይሰጠኛል? ደግሞ ለጽድቅ ነው።»

ለኔ ነው ስለ ሮል የምትነግረኝ? ዕድሜዬን ሙሉ መድረክ ላይ ገረድ ሆኜ እጅ ሳስታጥብ ኖርኩ። ፊደል አታውቅም ብለው። የሌላውን ሁሉ ቃል በጆሮዬ ይዤው ነበር... ማን ጠየቀኝ? ከጎልማሶች ጋር ማታ ተምሬ ማንበብ ስችል ደግሞ አረጀች አሉ።

«ቴአትር የሚያይ ሰው የውሸት መሆኑን አውቆ፣ ትኬት ቆርጦ ነው የሚገባው» አልኳት። «ሽማግሌዎቹ ትኬት ቆርጠዋል?»

ስልኳን አውጥታ መነካካት ጀመረች።

«ገረሱ ዲኤንኤ ይመርመር ካለ አንቺም እሷም እስር ቤት ናችሁ።»

ይኼኛው ገባት። የትኬቱ አልገባትም።

ኅዳር 18

ታክሲ ውስጥ ተጨፍልቄ ዘነበወርቅ ሄድኩ። አይሆንም አልኳት። ወለተጻድቅ ተቆጣች። «ታዲያ ምን ላድርግ? ገረሱ አፉን ሲከፍት እንባ ይቀድመኛል። ያን ጊዜ ‹እሷ መናገር አትችልም፣ እኔ ልናገርላት› ይላል። ሁሌ እሱ ነው የሚናገርልኝ።»

እኔ ጋ ያሉት ማልቀስ አቅቷቸዋል፣ ይቺ ማቆም አቅቷታል። ለማን አቤት ይባላል?

«ከነገ ጀምሮ ማዕከል ነይ» አልኳት። ምን ጥልቅ አደረገኝ?

ኅዳር 22

ሄቨንን ኮት አልብሼ ገረሱ አደረግኳት። ጉሮሮውን እንዴት እንደሚጠርግ ወለተጻድቅ አሳየቻት። ሌሎቹ ሽማግሌ ሆኑ። ሄቨን «እሷ መናገር አትችልም» ከማለቷ ሴትዮዋ አነባች። እንደገና። አነባች። እንደገና...

ብሩኬ «እንባውን አይታገሉት፣ ትንፋሽዎን ይከተሉ» ይላታል። እኔ «እግርሽን ትከይ፣ መጨረሻ ላይ ለተቀመጠው ሽማግሌ ተናገሪ» እላታለሁ። ፊቷ ተጨቃጨቅን።

«የማናችሁን ልያዝ?» አለች።

የሁለታችንንም ያዘች። እንባው አልቆመም። ንግግሯን ግን እንባዋ እየወረደ ጨረሰችው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ዝም በሉ አልኳቸው። እዚያ የሚያጨበጭብላት የለም።

ታኅሣሥ 3

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ወለተጻድቅ ቤት ተቀመጡ። አስቀድመን እኔና ሄቨን ገብተን ይቅርታ ጠየቅን። ልጁ አይደለችም፣ የቴአትር ተማሪ ናት አልኩ። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

ገረሱ ፈካ አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሜ መካን ሴት ችሎ ኖረ። ይኸው ዛሬ ልጅ በኪራይ አመጣች» አለ።

አሁን የሐኪሙን ቃል ትነግረዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ቃል ብትናገር ድራሹ ይጠፋል። ወለተጻድቅ አፏን ከፈተች... ያቺን ቃል ስትውጣት በዓይኔ አየሁ። እንባዋ ወረደ።

«እሷ መናገር አትች—»

«እናገራለሁ» አለች። «ቤቱን እኔና ባሌ አብረን ሠራነው። ድንጋዩን ከሱ ጋር ተሸክሜያለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ አይሸጥም።» መጨረሻ ላይ ለተቀመጠው ሽማግሌ ነው የተናገረችው።

ብዙ ተከራከሩ። እሷ በሕይወት እያለች ቤቱ እንዳይሸጥ ተወሰነ። ከጓሮ ያሉት ክፍሎች ኪራይ ለገረሱ። እያጉረመረመ ፈረመ።

ስትሸኘን አላስቻለኝም። «ለምን አልነገርሽውም? አፉን ይዘጋ ነበር።»

«እትዬ፣ ሲኖር ያልነገርኩበትን ሞቶ ላሳጣው?»

በጣም ተናደድኩ። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ሞኝ ናት። ሞኝ ናት?

ሄቨን ፌርማታው ድረስ ስልኳን ሳታወጣ ተከተለችኝ። ታክሲ ስንጠብቅ «ማዘር፣ ነገ ልምምድ ላይ የአባቴን ሞት ሳላለቅስ ልሞክረው?» አለችኝ።

ሞክሪው አልኳት።