ሩሴን ያናወጠው ድምፅ፦ የአቶ ራዶስቬት ጋንቼቭ የሕይወት ታሪክ

አቶ ራዶስቬት ጋንቼቭ ከአባታቸው ከክሬን ሠራተኛው ከአቶ ጋንቾና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ ከወይዘሮ ፔና፣ በ1951 በሩሴ ከተማ ወደብ ሰፈር ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት የዳኑብን ወንዝ ተሻግሮ ማዶ ሩማንያ ድረስ እንደተሰማ አዋላጇ እስኪሞቱ ሲናገሩ ኖረዋል።

ትምህርታቸውን በዚያው በሩሴ ሲከታተሉ ቆይተው፣ በ1969 ከመካኒክ ትምህርት ቤት ሊመረቁ ጥቂት ሲቀራቸው ፀጉራቸውን አልቆረጥም በማለታቸው ተባረሩ። ወዲያው የሮክ ባንድ አቋቋሙ። በ1974 ዘፈን ፈቃጁ የመንግሥት ኮሚቴ ፊት ሲዘፍኑ የአዳራሹ መስታወት ተሰነጠቀ። ቀድሞም የተሰነጠቀ ነበር የሚሉ አሉ፤ ምቀኛ መቼ ይጠፋል። ኮሚቴውም እንዳይዘፍኑ ከለከላቸው።

በ1979 የከተማችን ቴአትር ቤት በተዋናይነት ቀጠራቸው። ንጉሥ ሲሆኑ ሕዝቡ ሊሰግድላቸው ይቃጣው፣ ሌባ ሲሆኑ ኪሱን ይዳብስ ነበር። በ1981 የቴአትር ቤቱን ልብስ ሰፊ ወይዘሮ ዝላቲናን አግብተው ልጃቸውን ኢስክራን ወለዱ። እገዳው ሲነሣም ወደ ሮክ ተመልሰው ሁለቱን ሙያ አንድ ላይ ያዙ።

በ2014 ጸደይ ድምፃቸው ይሻክር ጀመር። ሐኪሞቹ ካንሰር መሆኑን፣ ማንቁርታቸው ቶሎ ከወጣ እንደሚድኑ፣ ድምፅ ግን እንደማይኖራቸው ነገሯቸው። እሳቸው ግን አንድ ያረጀ ሮከኛ ሆነው የሚዘፍኑበት ቴአትር እስኪያልቅ ቀዶ ሕክምናው ይቆይልኝ አሉ።

ወይዘሮ ዝላቲና «አንተ ሰውዬ፣ ያገባሁት ድምፅህን መሰለህ? ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥልኝ!» ቢሏቸው፣ «ዕድሜ ልክሽን ዝም በል ስትይኝ ኖረሽ አሁን ሊሳካልሽ ነው» ብለው ሳቁ። ወይዘሮ ዝላቲና አልሳቁም።

በመጨረሻው ትርኢት፣ በዘፈኑ መሃል፣ ድምፃቸው ተቆረጠ። አፋቸው ይከፈታል፤ የሚወጣ ነገር የለም። አንገታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። ተመልካቹ ትወና መስሎት ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ወንበሩ ስምንት መቶ ቢሆንም አሥር ሺህ ሰው ነበር ብል አልተሳሳትኩም። መጋረጃ አውራጁ ሳይቀር ገመዱን ትቶ ያጨበጭብ ነበር። ወይዘሮ ዝላቲና ከመድረኩ ጀርባ «አውርዱት! መጋረጃውን አውርዱት! እየሞተ ነው እኮ!» ቢሉም የሰማቸው የለም። ጭብጨባው ዋጣቸው።

ቀዶ ሕክምናው ቢደረግም በሽታው ሳንባቸው ደርሶ ነበር። ያንን የሚያህል ድምፅ የነበራቸው ሰው ውኃ ሲፈልጉ የአልጋቸውን ብረት በጣታቸው እየመቱ ይጠሩን ነበር። በነሐሴ 2015፣ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

የተዋናይ አስከሬን ከቴአትር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጣ በጭብጨባ መሸኘት ወጋችን ነው። ወይዘሮ ዝላቲና ግን ዛሬ ማንም እንዳያጨበጭብ ለምነዋል፤ ያንን የጭብጨባ ድምፅ ሁለተኛ መስማት አይችሉም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሕመም በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ እኛም እጃችንን አጣጥፈን፣ ዝም ብለን እንሸኛቸው።

ዶንቾ ጋንቼቭ