ጉድጓዱ አፍ ላይ የቀረው ወንድሜ

ኅዳር 8
የፌቨን ቀሚስ ዛሬም አላለቀም። ዚፑ አስቸገረኝ።
ሙዐዊያ ከባምባሲ መጣ፤ አሶሳ እኔ ጋ ሊሰነብት። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረ... ስለ ሹፌሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎረቤቱ ፍየል። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ግን ወሬው አይጣል! ቤተሰቡ ሁሉ “ሬዲዮ” ነው የሚለው። ስፌት ማሽኔን እንኳ መስማት አቃተኝ። ደስ አለኝ ግን። ቤቱ ሞላ።

ኅዳር 11
ከስቷል። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለውም። ድምፁ ሰልሏል፣ አያቆምም። እኔ ሳልኖርም ያወራል። ወለሉን እያየ... ከማን ጋር?

ኅዳር 14
በቀትር ደንበኛዬ ጠጂቱ ልብስ ልትለካ መጣች። ሙዐዊያ ሱቅ ሄዷል። ስፒል በአፌ ይዤ ወገቧን ስለካ፣ ልጅ ወለድሽ እንዴ አለችኝ። የምን ልጅ? ከአልጋው ስር ሲነጫነጭ ሰማሁ ብላ ሳቀች። ድመት ነው አልኳት። እኔም ሰምቼው ነበር።
ስትሄድ ተንበርክኬ ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጠፍኩ። በእኛው በበርታ ቋንቋ፣ የልጅ ድምፅ...
“ሙዐዊያ፣ ዝም በል። ልተኛ።”
ያ አላህ። ፈራሁ፣ ግን ደግሞ አንጀቴን በላው።

ኅዳር 15
ጣሀ ነው። ሌላ ማን ይሆናል?
የሙዐዊያ ታናሽ፣ የእኔ ታላቅ ወንድም። እሱ ሲሞት እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። በትውልድ መንደራችን በመንጌ፣ ወርቅ ሲቆፈር፣ ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ የሚገባው ትንሹ ልጅ ነው። አፉ ላይ የቆመው ደግሞ ሳያቋርጥ ያወራል፤ ታች ያለው ብቻዬን ነኝ ብሎ እንዳይፈራ። ዝም የሚለው ልጁን ከጉድጓዱ የተቀበለው ሰው “ወጥቷል” ሲለው ነው።
ያን ቀን አፉ ላይ የቆመው ሙዐዊያ ነበር። አፈሩ ጣሀ ላይ ተናደ። ቆፍረው አወጡት፣ ቀበሩት። ሙዐዊያን ግን አጎታችን ሬሳ እንዳያይ ብሎ ወዲያው ባምባሲ ወሰደው። ታዲያ “ወጥቷል” ያለው ማነው? ማንም አላለውም። መሞቱንማ ያውቃል... ግን ይኼን ሁሉ ዓመት ተራው አላለቀም። ወይ ወንድሜን!
ወጥቷል እኮ አልኩት። አንቺ የት አየሽ አለኝ። እውነቱን ነው።

ኅዳር 17
ከገበያ ስመለስ አልጋውን ገፍቶ ወለሉን እየቆፈረ ነው። ወገቡ ድረስ ገብቷል። አፈሩ ከግራና ከቀኝ ይፈሳል። ልውረድለት ይላል። በብብቱ ይዤ ጎተትኩት። ጣሀ ልተኛ ነው እኮ የሚለው ስለው፣ “እዚያ ውስጥ ሆኖ እንዴት ይተኛል?” አለኝ።
ይኼንንም አፈር ሊበላብኝ ነው። ነገ እናቴ ጋ እወስደዋለሁ።

ኅዳር 18
መንጌ።
እናቴ ሁሉንም ስነግራት ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ወደ ጣሀ መቃብር መራችን። ትንሽዬ ነው፤ ሳሩ ሊውጠው ምንም አልቀረውም። ሙዐዊያ ያወራል፣ ያወራል... ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።
“የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። ወጥቷል፣ ልጄ።”
ወሬው መሃል ላይ ተቆረጠ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ እንደ ህፃን አለቀሰ። እሷም ያኔ ለምን አልነገርኩህ እያለች አለቀሰች። እኔስ? ሦስታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን።

ኅዳር 21
አሶሳ። ጉድጓዱን ደፈንነው። ሙዐዊያ ምሳ በልቶ ጋደም አለ፣ በዚያው እንቅልፍ ጣለው። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ማሽኔን ትቼ ሲተነፍስ ማየት ጀመርኩ። ከወለሉ ስርም ትንፋሽ አለ... ትንሽ፣ ቀስ ያለ። ፈራሁ? አይ።
የጠጂቱ ልብስ ይቆይ። ሁለቱንም እንዳልቀሰቅስ በእግር ጣቴ እየረገጥኩ ወጥቼ በሩን ገርበብ አደረግሁት።