ማሽኑ እስኪጨርስ

ጎንደር፣ አራዳ
ረቡዕ፣ ኅዳር 13 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሱሀይብ ዐብዱልከሪም፣ ላለህበት።

አሰላሙ ዐለይኩም የኔ ዓይን። ውለህ የምታድርበትን አላህ ያሳምርልህ። እኛ ደኅና ነን። ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። አባትህም ስኳሩ ወረድ ብሎለታል፤ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ለምዷል፣ ግን ሲጠጣ ፊቱን ብታየው ኮሶ የሚጠጣ ነው የሚመስለው።

ይህን ደብዳቤ የሚይዝልኝ ዐብዱረሕማን ነው፣ ያ በመተማ በኩል ካርቱም የሚመላለሰው ነጋዴ። ካርቱም ካረፍክባት ሴትዮ ዘንድ ያደርስልኛል፤ እሷ ደግሞ ወደ ሊቢያ የሚሻገር ሰው ካገኘች ትልክልኛለች። «ከዚያ ወዲያ አድራሻው የት ልበል?» ቢለኝ «አንተ ያዝልኝ ብቻ» አልኩት። በግንቦት ደውለህ «እማ፣ ዛሬ ጀልባ ላይ እንወጣለን፣ ዱዓ አድርጊልኝ» ካልከኝ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ስልክህን ስደውል አንዲት ሴት በዐረብኛ ትመልስልኛለች፤ የተቀዳ ድምፅ መሆኗን አውቃለሁ፣ ግን ለምጃታለሁ። አንዳንዴ ሰላም እላታለሁ።

የእህትህን ነገር ልንገርህ። ፈህሚያ ከስታለች፣ አትበላም፣ ጠዋት ማታ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቃችን ውስጥ ናት። የሁለተኛ ዲግሪዋ መመረቂያ ኮምፒውተርን የማስተማር ነገር ነው። ኮምፒውተር ሥዕል እያየ ይህ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው ብሎ እንዲለይ ይማራል፤ እሷ የያዘችው ደግሞ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ ለብዙ ኮምፒውተር አከፋፍሎ ማፍጠኑን ነው። መምህሮቿ የሰጧት የስንዴ ቅጠል ነበር፣ የታመመውን ካልታመመው እንዲለይ። ስንዴውን ትታ ያንተን ፊት እንዲለይ አደረገችው።

ልጃቸው የጠፋባቸው ሰዎች ፌስቡክ ላይ የሚለጥፉትን፣ እዚያ ያሉ የኛ ልጆች የሚልኩትን ፎቶ ሁሉ ሰብስባለች። ካምፕ ውስጥ ያሉ፣ መኪና ላይ የተጫኑ፣ ሐኪም ቤት የተኙ፣ ባሕር ዳር የወደቁ። ሰው ቁጭ ብሎ ልየው ቢል ዓመት አይበቃውም። እኔም እንዳይ አትፈልግም። «እማ፣ አንቺ ይህን አታይም። ማሽኑ ይይልሽ» አለችኝ።

ታዲያ ማሽኑ አንተን እንዲያውቅ ብዙ ፎቶህ ያስፈልጋል፣ አንተ ደግሞ ፎቶ አትወድ። ትዝ ያላት የአጎትህ ልጅ የሐዲጃ ሰርግ ቪዲዮ ነው። ከሱ ላይ ፎቶ እየቆረጠች አወጣች፤ ስትጨፍር፣ ስትበላ፣ ከልጆቹ ጋር ስትሳሳቅ። ለኔም ሥራ ሰጠችኝ። ፎቶው ሲመጣ «ነው» ወይም «አይደለም» የሚለውን መጫን። አንተ ስትሆን «ነው»፣ ሌላ ሰው ሲሆን «አይደለም»። ከጀርባህ እንኳ አላጣሁህም። በሰርጉ ቀን እንግዳ ሳስተናግድ የት አይቼህ ነበር፣ አሁን ነው ጠግቤ ያየሁህ።

መጀመሪያ ላይ ማሽኑ አሳቀን። ለካ የተማረው ፊትህን ሳይሆን ኮፍያህን ኖሯል። ነጭ ኮፍያ ያደረገውን ሁሉ ሱሀይብ ነው ይላል፤ የሙሽራውን አያት ሳይቀር። ትዕግስት የምትባል ጓደኛ አለቻት፣ የዳባት ገበሬ ልጅ፣ አብራት የምትማር። «ምነው እትዬ ዐዚዛ፣ ይህን ሁሉ ልጅ ወልደው ነው እንዴ የደበቁን?» አለችኝና ከሣቅ ብዛት ወንበር ያዝኩ። ኮፍያውን እየቆረጡ እንደገና አስተማሩት። ደግሞ አንድ ቀን የአባትህን የድሮ መታወቂያ ቢያሳዩት፣ ጢም ሳያወጣ የተነሣውን፣ «ሱሀይብ ነው» አላቸው። አባትህ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ማሽኑስ ሰው ያውቃል» አለ። ካንተ ወዲህ ሲቀልድ ያን ዕለት ሰማሁት።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ አልገፋ አለ። በአንድ ኮምፒውተር ከሆነ ለረመዳንም አይደርስም አለች ፈህሚያ። እሷ ተናደደች፣ እኔ ደስ አለኝ። ምነው ደስ አለሽ ትለኝ ይሆናል። አባትህ ነዋ።

አባትህ በመስከረም ከሸኾቹ ጋር ተመካክሮ መጣና አስቀመጠኝ። የጋኢብ ሶላት ይሰገድለት አለኝ። አስከሬኑ ላልተገኘ፣ በሩቅ አገር ለቀረ ሰው የሚሰገደው።

«ልጄ ያለ ሶላት መቅረት የለበትም» አለኝ።

«ያለ ሶላት የሚቀረው የሞተ ነው» አልኩት።

«ዐዚዛ።»

«ምን ዐዚዛ?»

«ሶላቱ ሐቁ ነው፣ የሚገባው። ሞቶ ከሆነ ሐቁን ነው የነፈግነው።»

«ደኅና ከሆነስ? በቁሙ ልትሰግድበት ነው?»

ተነሥቶ ስጋጃውን ዘረጋ። ላንተ ጨክኖ እንዳይመስልህ። ከሱጁድ ሲነሣ ግንባሩ የሚያርፍበት ስጋጃ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ እኔ ነኝ የማሰጣው። በመጨረሻ «እሺ፣ የፈህሚያ ማሽን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ» አለ። «ሲጨርስ ግን በሕይወት አለ ካላለን፣ በሚቀጥለው ጁሙዓ ይሰገድለታል። ቤቱም ለለቅሶ ይከፈታል።» እኔም እሺ አልኩ። ለረመዳን የማይደርስ ማሽን ምን ያስፈራኛል?

እህትህ ግን እንደ ጥናቷ የሱቁን ኮምፒውተሮች በሙሉ በገመድ አገናኘቻቸው። ሥዕሉን ለስምንቱ አካፈለች። እያንዳንዱ ድርሻውን አይቶ የተማረውን ጥግ ላይ ላለው ለዋናው ይነግራል፤ ዋናው የሁሉንም ያቀላቅልና ያማካኛል፣ መልሶ ያድላቸዋል፣ ከዚያ እንደገና ሌላ ዙር ይጀምራሉ። ክፍሉ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፣ ይሞቃል፤ ለጉልበቴስ ተስማምቶኝ ነበር። ትዕግስት «ሸጋ ነው እትዬ፣ እንዲህ ከሄደ በሳምንት ያልቃል» ስትለኝ ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ይራገማል፣ እኔ በሆዴ አመሰግናለሁ።

አንድ ቀን ፈህሚያ ስትበሳጭ ሰማኋት። አንዱ ከዘገየ ሰባቱ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል፣ ሁሉም ካልደረሱ አዲሱ ዙር አይጀመርም አለች። ይህችን ያዝኩና ወጣሁ።

አያ አላምረውን ታስታውሳቸዋለህ? ከትክል ድንጋይ ገጠር ለመሬታቸው ክርክር ማመልከቻ ሊያስጽፉ የሚመጡት። በመጡ ቁጥር «አያ፣ ይቀመጡ፣ ምን ያስቸኩልዎታል» እያልኩ በሩ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣቸዋለሁ፤ የቀረርቶ ቪዲዮ እከፍትላቸዋለሁ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላ። እሳቸውም ወደዱት። ከዚያ በኋላ ማመልከቻም ሳይኖራቸው ገበያ ገበያውን መምጣት ጀመሩ። ቪዲዮው ሲከፈት ያ ኮምፒውተር ከትምህርቱ ይዘገያል፣ ሰባቱም ይቆማሉ። እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን ሁሉ ሳምንት አንተን በሕይወት ያቆዩህ አያ አላምረው ናቸው።

ፈህሚያ ሞኝ አይደለችም፣ ደረሰችብኝ።

«እማ፣ አያ አላምረውን እዚህ ማን አስቀመጣቸው?»

«ደንበኛ ናቸው።»

«ደንበኛ ይከፍላል።»

«ዘመድ ናቸው።»

«አንገታቸው ላይ ማዕተብ ያሰሩ ገበሬ ከየት የመጡ ዘመድ?»

አያ አላምረው ከቪዲዮው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ምነው አንቺ ልጅ፣ አያትሽ የኔን አባት አበልጅ ሊሉ ምን ቀርቷቸው ነበር» አሏት። ትዕግስት ሣቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ፈህሚያ ግን አልሣቀችም። ወደ ጓዳ ይዛኝ ገብታ ትከሻዬን ያዘችኝ። «እማ፣ እኔም እንዲያልቅ የምፈልግ ይመስልሻል? ግን አለማወቁ ነው የገደለኝ። መንገድ ላይ ቀጭን ልጅ ባየሁ ቁጥር እከተላለሁ። አልችልም» አለችኝ። አንተ ልጄ ነህ፣ እሷም ልጄ ናት። አቅፌያት ቆየሁ።

በማግሥቱ የሚዘገየውን ከመካከላቸው አወጣችው። በሩ አጠገብ ያለውን ገመዱን ነቅላ ድርሻውን ለሰባቱ አከፋፈለች። «በይ እማ፣ አያ አላምረው እስኪበቃቸው ይዩበት» አለችኝ። አሁን ቢያዩም ባያዩም የሚያዘገዩት የለም። ማሽኑ ፈጠነ። በየሰዓቱ «ይህን ያህል ቀረው» ይላል፤ እኔ ደግሞ ፎቶ ኮፒ እያነሣሁ ወደዚያ ላለመዞር እታገላለሁ።

ሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ ጨረሰ። ከዚያ ያን ሁሉ የፎቶ ክምር አሳለፉበት፣ የፈራሁትን ያህል እንኳ አልቆየም። ትንሽ ፎቶ ለየ። አባትህ ሱቁን ዘጋ፣ ሁላችን ጥግ ላይ ካለው ኮምፒውተር ፊት ቆምን። ፈህሚያ አንድ ባንድ ከፈተች። አንዱ የወሎ ልጅ ነው ይላሉ፣ ካምፕ ውስጥ ሆኖ ጥርሱን ያሳያል፤ እሱስ አለ፣ እናቱን ደስ ይበላት። አንዱ ኤርትራዊ ነው። አንዱ ከቅንድቡ ላይ ቁርጥ አንተን ነው፣ ግን አዛውንት ነው።

የመጨረሻውን ለመክፈት እህትህ ዘገየች። ቀድማ ያየችው መሰለኝ። ማሽኑ ከሥሩ የጻፈው ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፣ መቶ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አሸዋ ላይ የተኛ ልጅ ነው። በጎኑ ተኝቷል፣ ዓይኑ ተከድኗል፣ ጸጉሩ ላይ አሸዋ አለ። ጫማ የለውም። ቡናማ ሹራብ ለብሷል፣ ክርኑ ላይ እራፊ ተጥፎበታል፤ በአረንጓዴ ክር፣ በድርብ፣ ጠርዙ እንዳይተረተር ዙሪያውን ተቋጥሮ።

«አይደለም» አልኩ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«አረንጓዴ ክር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? አራዳ ላይ በየሱቁ ይሸጣል። ቡናማ ክር ያጣች ሴት ሁሉ ባላት ትሰፋለች። የኔ ልጅ ደግሞ ያለ ጫማ አይሄድም። ከትንሽነቱ ጀምሮ እግሩን ይበርደዋል።» ብዙ ተናገርኩ፣ ሁሉንም አላስታውሰውም። ፈህሚያ ማውሱን ወደኔ ገፋችው። እንደዚያ እንደ ሰርጉ ጊዜ ከሥሩ ሁለቱ ቃላት አሉ። «አይደለም» የሚለውን ተጫንኩ። አንዴ አልበቃኝም፣ ደጋግሜ ተጫንኩ። ትዕግስት እጄን ይዛ አስቆመችኝ።

አባትህ ጃኬቱን አውልቆ እጅጌውን ሰብስቦ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ። ውኃው ለብዙ ጊዜ ሲፈስ ሰማሁት።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው ልጄ። ከነገ ወዲያ ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ይሰግዱልሃል። ሰው ተነግሯል። አክስቶችህ ከአዘዞ ነገ ይመጣሉ፤ ወንበርና ድንኳን ከእድሩ ይወሰዳል። ፈህሚያ ማልቀስ ጀምራለች፤ ስታለቅስ ግን ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዋን በልታ ጨረሰች፣ እሱን ሳይ ምን ልበል። አያ አላምረውም ወሬውን ሰምተው ዛሬ ገበያ ሳይሆን መጡ። ቪዲዮ ልክፈትልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ፤ ያልተከፈተው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ዋሉ።

እኔን ጥቁር ልበሺ አላሉኝም፣ ይፈሩኛል መሰለኝ። ሰው ሲመጣ ግን ምን እላለሁ? «አላህ ያጽናሽ» ሲሉኝ አሜን ካልኩ አመንኩ ማለት ነው። አሜን ካላልኩ ደግሞ ዱዓቸውን መለስኩ ማለት ነው። ይህን የምጠይቀው ሰው አጣሁ፤ አንተ ብትኖር አንተን እጠይቅ ነበር፣ ለእንዲህ ያለው ነገር መልስ አታጣም።

በል የኔ ጌታ፣ ዐብዱረሕማን መኪናው ሊነሣበት ነው፣ ደብዳቤውን አምጪ እያለ በር ላይ ቆሟል። የወለድኩህ ሆዴ ይመርቅህ። የረገጥከው መሬት ይሁን ውኃ፣ አላህ ከሥርህ ያደላድልልህ። ብርድ አይንካህ። ክፉ እጅ አያግኝህ። ከሰው አገር አፈር የናትህ ቤት ጣራ ይሻልህ።

ስልክ ያለው ሰው ካገኘህ ደውልልኝ። ከዓርብ በፊት ቢሆን ሸጋ ነበር። ካልሆነልህም ከዓርብ በኋላ ደውል፤ አንድ ጊዜ ሰግደውብኛል ብለህ እንዳትቀር።

የምትጠብቅህ እናትህ
ዐዚዛ